የሩበን ሲባጎ

ተናድጄ ነው የማወራው። ጨዋ ንግግር የሚሻ ሰው ቄሱ ጋ ይሂድ፤ እሳቸው ሁሉንም ነገር በለሆሳስ ነው የሚናገሩት። እኔ ኔድ ጎትስ ነኝ፤ በሄክሊንግ መንደር የባለርስቱን የጌታውን ወፍና ጥንቸል ተደብቄ በማደን ሁለት ጊዜ የታሰርኩ፣ ኋላ በጀርመኑ ጦርነት መንግሥት ያንኑ ሙያዬን ሲፈልገው አስር አለቃ ያደረገኝ ሰው። ወፍ ስገድል አሰሩኝ፤ ሰው ስገድል ሸለሙኝ። ስለ እኔ ይሄን ካወቃችሁ ይበቃል፤ ወሬው የእኔ አይደለም።

ወሬው የእህቴ ባል የሩበን ላርተር ነው። ባለፈው ሰኞ የሐውልቱ ኮሚቴ ለእህቴ ለኬዝያ ደብዳቤ ላከባት። እሑድ አንድ ጄኔራል መጥተው የጦርነቱን ሙታን ሐውልት ይመርቃሉ፤ የኬዝያ ቤት ደግሞ ከሐውልቱ ፊት ለፊት ነው። ቤቱ ፊት ያለው የቁጥቋጦ አጥር ለመንደሩ አሳፋሪ ስለሆነ እስከ ዓርብ ሲባጎ ተወጥሮ፣ ተስተካክሎ ይከርከም ይላል ደብዳቤው። ከታች ደግሞ "ቤቱ የጌታው ርስት መሆኑ ይታወስ" የምትል አለችበት። ይታወስ! ባሏን በየካቲት የቀበረች፣ ከዚያች ጎጆ ሌላ መግቢያ የሌላት ሴት ምኑን ትረሳዋለች? ፈራሚው ሻለቃ ሄድሊ ነው፤ የጌታው ልጅ፣ በጦርነቱ ጊዜ የእኛ ሻምበል የነበረው። በሩበን ደጃፍ ሲባጎ የሚባል ቃል መጥራት የማይገባው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ሩበን አጥር ከርካሚ ነበር። አባቱም አያቱም አጥር ከርካሚ ነበሩ። በጌታው ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ኪሱ ውስጥ በሁለት ችካል ላይ የተጠቀለለ፣ ከአባቱ የወረሰው ሲባጎ አይጠፋም። ችካሎቹን ይተክላል፣ ሲባጎውን ይወጥራል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፣ ከዚያ በኋላ ነው መቀሱን የሚያነሳው። የእሱ አጥር ላይ የቢራ ብርጭቆ ብታስቀምጥ አንዲት ጠብታ አይፈስም። በመከር ወር በአጥር ከርካሚዎች ውድድር ስንት ጊዜ አንደኛ እንደወጣ እሱም አያውቀውም። ሰው ቤት ሲገባ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ሥዕል ካየ ሳያቀና አይቀመጥም። መሸታ ቤት ስንቀመጥ የሁላችንንም ብርጭቆ በመደዳ ይደረድራል፤ እኛ ደግሞ ሆን ብለን እናጣምምበታለን።

"ሩበን፣ ኬዝያንም ሲባጎ ወጥረህ ነው የመረጥካት?" ይሉታል።

"እሷ ድሮም ቀጥ ያለች ናት፤ የጠመመው ወንድሟ ነው" ይላል ወደ እኔ እያየ። መሸታ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ፣ እውነቱን ነው።

ኤዝራ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ኤዝራ የጋሪ ነጂ ነው፤ ቁመቱ ጉድ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ በር ጎንበስ ሳይል ገብቶ አያውቅም፣ በመሸታ ቤቱ አግዳሚ ግንባሩን ያልተመታበት ሳምንት የለም። ሚስቱ ዶርካስም ረጅም ናት። ጦርነቱ ሊጀመር ሰባት ወር ሲቀረው ተጋቡ፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ መንደርተኛው "ሁለቱ የአደባባይ ዛፎች መጡ" ይል ነበር። ዶርካስ ባሏ የበር መቃን ሲመታው ትስቅና "ጎንበስ በል እንጂ አንተ ሰው" ትለዋለች። ይህችን ቃሏን ያዙልኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንገበገበቻት እሷ ናት።

ሦስታችን በአንድ ቀን ተመዘገብን፣ በአንድ ሻምበል ሥር ገባን። ጦርነቱ ዓመት ሊሞላው ሲል ቤልጅግ ውስጥ አንድ ጭቃ ቦታ ላይ ተተከልን። መሬቱ ውኃ ነው፤ ሁለት ክንድ ከቆፈርክ ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ መቆፈሩን ትተን ጆንያ በአፈር እየሞላን ወደ ላይ ነበር የምንገነባው። ከዚያ ግድግዳ ኋላ ነው የምንኖረው፤ ማዶ ደግሞ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ የጀርመን ግድግዳ አለ። ጆንያ በቁጥር ነው የሚታደለው፤ ከፍታው ለመካከለኛ ሰው በቂ ነው። ለኤዝራ ግን ቅንድቡ ጋ ነበር የሚያበቃው። ቀኑን ሙሉ እንደ አሮጊት ጎብጦ ይሄዳል።

"እግሬን ቆርጣችሁ ለሩበን ቀጥሉለት፤ እሱ ነው ያነሰው" ይላል።

ሻምበል ሄድሊ አንድ አባባል ነበረው፤ "ምሽግ የሠራዊት ፊት ነው፤ ፊት ደግሞ ይታጠባል" ይላል። ጠዋት ጠዋት ዱላውን ብብቱ ሥር ወትፎ ይመጣና የተንጋደደ ጆንያ ሲያይ ጥርሱን ያፋጫል። ታዲያ ሩበን ችካሎቹን ከሻንጣው አወጣ። ሲባጎውን በጆንያዎቹ አናት ላይ ወጠረ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ በአካፋው ጀርባ እየደበደበ አርባ እርምጃ የሚያህል ግድግዳ አስተካከለ። አቤት ማማሩ! እኔ ሌባው ሳልቀር አደነቅሁ። ሻምበሉ ሌሎች ሻምበሎችን እየጠራ ያሳይ ጀመር፤ "አጥር ከርካሚዬ የሠራው ነው" ይላቸዋል። አጥር ከርካሚዬ፤ ልክ እንደ ውሻው። ሩበን ግን ጆሮው እስኪቀላ ደስ አለው። ከሰው ሁሉ ርቆ፣ በዚያ ጭቃ መሀል፣ የሚያውቀውን አንድ ነገር አገኘ። አልፈርድበትም።

የጀርመኖቹን ግድግዳ ብታዩት የቆሻሻ መጣያ ነው። ነጭ ጆንያ፣ ጥቁር ጆንያ፣ ባለ መስመር የፍራሽ ጨርቅ፣ የምድጃ በር፣ የተሰበረ ጋሪ፣ የወደቀ ቱቦ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ። የእኛዎቹ በሳቅ ይሞታሉ። "ጀርመን ሥርዓታም ነው ያለው ማነው?" ይባባላሉ። እኔ አልሳቅኩም። መሳቅ የማይገባ መሆኑን ለማወቅ ሌባ መሆን ነበረብኝ። በታጨደ ማሳ ላይ የጥንቸል ጆሮ ከሩቅ ይታያል፤ በእሾህ መሀል ግን ጥንቸሏን ልትረግጣት ስትል እንኳ አታያትም። እኛ ማሳ ነን፤ እነሱ እሾህ ናቸው። ከዚያ እሾህ ውስጥ ደግሞ የጫካ ጠባቂዎቻቸው ተቀምጠዋል፤ በሰላሙ ጊዜ ሚዳቋ ሲያድኑበት የነበረውን መነጽር ያለው ጠመንጃ ይዘው። የእኛ ጠመንጃ ያን ጊዜ መነጽር የሚባል አያውቅም። ማዶ ያለው ሰው የእኔን የሸሚዝ ቁልፍ ይቆጥራል፤ እኔ እሱን ማየት ቀርቶ ከየትኛው ቆሻሻ ውስጥ እንዳለ አላውቅም።

በአምስት ሳምንት በሩበን ግድግዳ ኋላ አራት ሰው ሞተ። ሁሉም ግንባራቸውን ተመትተው። አንዱ እንዲያውም አይጥ አይቶ "ያቻት!" ሲል ነው። ሻምበሉ በየጊዜው ያሰልፈንና ግድየለሽነት ነው፣ አንገታችሁን አትዘርጉ፣ ጦርነት የሰነፍ ቦታ አይደለም ይለናል። ግድየለሽነት የሚለውን ቃል ይወደዋል።

ሩበንን ለብቻው ይዤ ነገርኩት።

"ሩበን፣ ይሄ ግድግዳህ ገበታ ነው። ገበታ ላይ የተቀመጠ ዕንቁላል ለማን ይጠፋል?"

"ቀጥ ያለ ሥራ ሠርቼ ተወቅሼ አላውቅም" አለኝ።

"ወቃሹ ማዶ ነው ያለው። ለኤዝራ ስትል ሦስት ጆንያ ብቻ እላዩ ላይ ወርውርበት። እንደመጣ፣ ሳትለካ።"

ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ኤዝራ ጎብጦ ሲሄድ ጀርባውን ይዞ ሲያቃስት አየው፤ ሦስት ጆንያ ሞልቶ ኤዝራ በሚቆምበት ቦታ አናት ላይ ጣላቸው፣ የተቀጠቀጠ ባልዲም ጨመረበት። ሲጨርስ ፊቱን አዞረ፤ ማየት አልቻለም። ያን ቀንና የሚቀጥለውን ቀን ኤዝራ ቀና ብሎ ዋለ። ቀና ብሎ ዳቦውን በላ። "የእግዜርን ሰማይ ረስቼው ነበር" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሻምበሉ ለጉብኝት መጣ። ሦስቱን ጆንያ አየና ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው? ኪንታሮት ነው?"

እኔ ነኝ የመለስኩት፤ ረጅሙ ኤዝራ እዚህ ስለሚቆም ነው፣ ደግሞም ግድግዳው ሲዘበራረቅ ለጠላት ዓይን ያስቸግራል ብዬ የቻልኩትን ያህል በአክብሮት ተናገርኩ። ሻምበሉ አላየኝም እንኳ።

"ረጅሙ ላርተር ይጎንበስ። ሁሉም ይጎነብሳል። አውርደው" አለው ሩበንን።

ሩበን አወረደ። በገዛ እጁ። አንድ በአንድ አወረዳቸው፣ ባልዲውን ወረወረው፣ በአካፋው ጀርባ ደበደበ፣ ሲባጎውን ወጠረ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ሻምበሉ "አሁን ግድግዳ ሆነ" ብሎ ሄደ። እኔስ? ቆሜ ነው ያየሁት። አካፋውን ከእጁ መንጠቅ እችል ነበር፤ አልነጠቅኩም። የዛሬው ንዴቴ ግማሹ ያ ነው።

በአራት ሰዓት ኤዝራ በሁለት እጁ ሁለት ኩባያ ሻይ ይዞ ወደ ወንድሙ ሲመጣ፣ ሌሊቱን ዘብ ያደረ አንድ ወታደር መተላለፊያው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ ነበር። ኤዝራ የሰውየውን እግር ላለመርገጥ፣ ሻዩንም እላዩ ላይ ላለማፍሰስ፣ ቀና ብሎ ሰፊ እርምጃ ተራመደ። ተኩሱ አንድ ነበር። ሻዩ በሩበን ጫማ ላይ ፈሰሰ። የተኛው ሰው ጨርሶ አልነቃም።

ማታውኑ ሻምበሉ ለዶርካስ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን እኔ ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ባለቤትዎ በተደጋጋሚ ቢነገራቸውም በግድየለሽነት ራሳቸውን ከምሽጉ በላይ በማውጣታቸው ሕይወታቸው አልፏል።" እግዜር ያሳያችሁ። የተኛ ሰው እግር አልረግጥም ብሎ የሞተን ሰው ግድየለሽ አለው።

ኤዝራን በቀበርን በአራተኛው ቀን ጠዋት ጉም ነበር፤ ማዶም ወዲህም አይታይም። ሩበን አካፋውን ይዞ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ያንን አርባ እርምጃ አናቱን ናደው። ጆንያውን ገለበጠ፣ ቆርቆሮ ሰካበት፣ የተቀደደ ብርድ ልብስ አንጠለጠለበት፣ የሞተ በቅሎ ኮርቻ ጣለበት። ማንም አላገደውም፤ ፊቱን አይቶ የሚያግደው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወርዶ ተቀመጠ፣ የአባቱን ሲባጎ ከኪሱ አወጣና በቢላዋ ስንዝር ስንዝር አድርጎ ቆራረጠው። ጉሙ ሲገፈፍ ሻምበሉ መጣ። ሩበን በንብረት ማበላሸት ተከሰሰ። በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ለአሥር ቀን፣ እጁና እግሩ ተዘርግቶ ከመድፍ ጋሪ ጎማ ጋር ታሰረ። ግድግዳውን ሌሎች መልሰው አስተካከሉት። እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ሰው ተጨምሮ ሞተ።

አሁን የሚያቃጥለውን ስሙ። መስከረም አልፎ ከበላይ ወረቀት መጣ፤ ሥዕል አለበት። ምሽግ ቀጥ ብሎ አይሠራ፣ አናቱ ይዘበራረቅ፣ ጆንያው የተለያየ ቀለም ይሁን፣ አሮጌ ዕቃ ይጣልበት ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የብረት መከለያም መጣ፣ መነጽር ያለው ጠመንጃም መጣ፤ መነጽሩ የተገጠመው በጠመንጃው ግራ ጎን ስለሆነ አንገትህን አጣመህ ነው የምታየው፤ ማን እንደፈጠረው እሱን ባገኘሁት። እኔን ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት ላኩኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስታሰርበት የኖርኩትን ነገር በሰሌዳ አስተማሩኝ። ሻምበሉ ሩበንን አስጠርቶ ግድግዳውን እንዲያበላሽለት አዘዘው። ሩበንም አበላሸለት። ያንን ማንም እጁን እንደዘረጋ የሚሠራው አይምሰላችሁ፤ ዝርክርክነትም ሙያ ነው። ሩበን ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የሌለው ግድግዳ ሠራ። ለዚህ ግድግዳ ሄድሊ ሻለቃ ሆነ። "መከላከያውን ስላሻሻለ" ይላል ወረቀቱ። ሩበን ምንም አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ሩበን ከእኔ ጋር ሆነ፤ እኔ እተኩሳለሁ፣ እሱ በትልቁ መነጽር ያይልኛል። አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ቀይ ሥር ራስ ቀረጸ፣ ቆብ አለበሰው፣ የራሱን ፒፓ አፉ ላይ ሰካለት፤ በእንጨት ላይ ተክሎ ቀስ እያለ አወጣው። ሁለት ቀን ማንም አልተኮሰበትም። በሦስተኛው ቀን ፒፓውን ለኩሶ በጎማ ቧንቧ ከሥር ሳብ ሳብ እያደረገ አጨሰው። ጥይቱ መጣ፤ በግንባሩ ገብቶ በማጅራቱ ወጣ። የቀይ ሥሩን ራስ ሳናዛንፍ በነበረበት ይዘን ከማጅራቱ ቀዳዳ በግንባሩ ቀዳዳ አሻግረን ስናይ ቀጥታ ማዶ የምድጃው በር ላይ ወሰደን። በሩ ሥር አንድ ስንጥቅ አለ። ስድስት ሰዓት ጠበቅን። ሽበታም ሰውዬ ነበር፤ ዳቦ በቢላዋ እየቆረጠ ይበላል። ተኮስኩ። ሩበን መነጽሩን አስቀምጦ "የእሱም ሚስት ደብዳቤ ይደርሳታል" አለ። በሌላው ሳምንት በቦታው ሌላ ተኳሽ መጣ።

ሰላም ሲሆን ተመለስን። ሩበን ጌታው ግቢ ገባ፣ መቀሱን አነሳ፣ ሲባጎ ሰጡት። አልያዘውም። አጥሩን እንዳሻው እየጎነደለ ሲሄድ በሁለተኛው ሳምንት አባረሩት። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ እየቆፈረ ኖረ።

ከዚህ የባሰው ግን ዶርካስ ነበረች። ደብዳቤውን አምናለች። የኤዝራን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። "ዕድሜ ልኩን ጎንበስ በል አልኩት፤ እንኳን ለእኔ ለነፍሱም አልጎነበሰም" ትላለች። ሩበን አንድ ጊዜ ሊነግራት ሞከረ። "ወንድምህ ነውና ትሸፍንለታለህ፤ ሻምበሉ የተማረ ሰው ነው፣ ለምን ይዋሻል?" አለችው። ሩበን ሰው ፊት ሲያወራ ድሮም ይተባተባል፤ ቆቡን አንስቶ ወጣ። እኔ ልንገራት ስል ከለከለኝ። ነገሩ ውስጥ የእሱ እጅ አለበትና።

በዚያው ሰሞን ነው ቤቱ ፊት ያለውን አጥር መልቀቅ የጀመረው። መልቀቅ ስል እንዲሁ መተው አይደለም። ጠዋት ጠዋት ይወጣል፣ አንዷን ቅርንጫፍ ያስረዝማል፣ አንዷን ይጎነድላል፣ ከጎኗ ጭራሮ ይጨምራል፣ አሮጌ ባልዲ ይሰካል፣ የተቀደደ ጆንያ ያንጠለጥላል። ሰው ሳቀበት። ጭንቅላቱን ነክቶታል አሉ። ኬዝያ አልቅሳ ለመነችው። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖሮ በየካቲት ደረቱን ታሞ ሞተ፤ ሲሞት ለእህቴ ያላት "ሲባጎ አታስነኪብኝ" ነው።

እኔ ሞኙ፣ በሻምበል ጦራችን ውስጥ የመጀመሪያው አልሞ ተኳሽ የተባልኩት፣ አጥሩን እንደ ሰዉ ሁሉ የሐዘን እብደት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ሰኞ ዕለት ደብዳቤውን ይዤ መንገድ ማዶ ቆሜ፣ እንዴት አድርጌ ልከርክመው ይሆን ብዬ ሳየው፣ የኬዝያ ሳል ሰማሁ። ልብስ እያሰጣች ነው፣ ከአጥሩ ኋላ፣ ከእኔ አርባ እርምጃ የማይሞላ። ፈለግኳት። አጣኋት። አጥሩ ከእሷ አንገት አይበልጥም እኮ፤ ራሷ ከባልዲው፣ ከጆንያው፣ ከቅርንጫፉ ጋር ተቀላቅሎ ነው። በአራት መቶ እርምጃ የጥንቸል ጆሮ የማያመልጠኝ ሰው የገዛ እህቴን ራስ አጣሁት። እዚያው መንገድ ላይ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ዕለት ለሻለቃው ስለ አጥሩ ላማክርዎ ብዬ ላክሁበት። ከዚያ በፊት ዶርካስ ቤት ሄድኩ። የኤዝራን ቆብ አድርገሽ ከኬዝያ አጥር ኋላ ወዲያና ወዲህ ሂጂልኝ፣ ቀና ብለሽ፣ እሱ ይሄድ እንደነበረው አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። "ኔድ፣ መጠጥ ጀመርክ?" አለችኝ። ለኬዝያ ቤት ስል ነው ስላት ግን እያጉረመረመች ሣጥኑን ከፈተች።

ሻለቃው ዱላውን ይዞ መጣ። ፀጉሩ ሳስቷል እንጂ ያው ነው። መንገድ ማዶ አቆምኩትና መነጽሬን ሰጠሁት።

"ከአጥሩ ኋላ ሰው ካለ ይፈልጉልኝ፣ ጌታዬ።"

"ምን ዓይነት ቀልድ ነው ጎትስ?"

"ቀልድ አይደለም። ይፈልጉ።"

ከንዴቴ ይሁን ከፊቴ፣ መነጽሩን አነሳ። ከዳር እስከ ዳር አየ። ተመልሶ አየ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሩብ ሰዓት እስኪመታ ጠበቅኩት። ማንም የለም አለ። እርግጠኛ ነዎት ብዬ ጠየቅኩት፤ ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ ማንም የለም አለ። ዶርካስን ጠራኋት። በአጥሩ በር ወጣች፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ የባሏ ቆብ ራሷ ላይ። ከሰው ቁመት በታች ከሆነ አጥር ኋላ ሩብ ሰዓት ስትመላለስ ነበር። ሻለቃው መነጽሩን ዝቅ አደረገ።

"ሦስቱን ጆንያ ያስታውሷቸዋል?" አልኩት። "አውርደው ያሉትን? አራት ሰዓት ላይ ኤዝራ የተኛ ሰው እግር አልረግጥም ብሎ ቀና አለ። ሩበን በገዛ እጁ ባስተካከለልዎት ግድግዳ ላይ። ይሄ አጥር እብደት አይደለም፤ ሩበን ያኔ መሥራት የነበረበት ግድግዳ ነው። በአፉ ማውራት ቢያቅተው ነው ያበቀለው።"

ሰውየው ቢክድ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አልካደም። ዱላውን አየ፣ መሬቱን አየ። "ጆንያዎቹን አስታውሳለሁ" አለ።

ዶርካስ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች። ሻለቃው ጨርሳ የሄደች መስሎት ስለ አጥሩ ሊናገር ጀመረ፤ በቀስታ፣ ለእሑዱ ባንዲራ ልናለብሰው እንችላለን ምናምን ይላል። ባንዲራ! ልመታው እጄን ጨበጥኩ። ያኔ ዶርካስ ተመለሰች፤ በእጇ ያ ደብዳቤ አለ። ሰባት ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተጭኖ እጥፋቱ ቢጫ ሆኗል። ዘረጋችለት፣ ጣቷን አንድ ቃል ላይ አደረገች።

"ይቺን ይሰርዙልኝ።"

ሻለቃው እርሳስ አወጣ። ደብዳቤውን በኬዝያ አጥር ምሰሶ ላይ አስደግፎ "በግድየለሽነት" የምትለውን ቃል ሰረዛት። ዶርካስ ደብዳቤውን አልተቀበለችውም።

"በምትኩ ምን ልጻፍ?" አላት።

"ግድግዳው ቀጥ ያለ ነበር ብለው ይጻፉ።"

ጻፈ። ምሰሶው ጎርባጣ ስለነበር ጽሑፉ ጠመመ።